ለልጆች ምሳ ዕቃ፦ የማይፈታ ጥቅል ሳንዱች

ሰላም ወላጆች፣

ስለ ልጆች ምሳ ስናወራ «ጥቅሉ ይፈታብናል» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የእኔም ልጅ ቂጣውን ለብቻው፣ ቺዙን ለብቻው ይዞ ሲመለስ ከርሟል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቂጣው ነው። ቀዝቃዛ ቂጣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ደረቅ መጥበሻ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ከዚያ የላመ አቮካዶ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራ እስከ ጠርዙ ድረስ ቀቡት። ማጣበቂያው እሱ ነው። ውስጡ የሚገባው ትንሽ ይሁን። እጃችን አልታዘዝ እያለን እንጂ ለትንሽ ልጅ 2 ወይም 3 ነገር ይበቃል። ቲማቲም ካለበት ፍሬውንና ውሃውን አውጡለት፤ አለበለዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ይላሽቃል። አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩት። ቅርጹን ሲይዝ በስለታም ቢላ ቁረጡት።

ማታ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩትም ችግር የለውም። እኔ እንዲያውም ጠዋት ላይ ቢላ ባልነካ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥሬ ካሮት በወፍራሙ አታስገቡ፣ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። ፈቅፍቁት። ዶሮ፣ እንቁላል ወይም ቺዝ ካለበት ደግሞ ምሳ ዕቃው ውስጥ በረዶ ይኑር፤ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የለውዝ ቅቤ ከመቀባታችሁ በፊት ከክፍል ጓደኞቹ መካከል ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለ መምህሯን ጠይቁ።

ልጆቻችሁ የወደዱትን አሞላል እዚሁ ጻፉልን። የእኔ ልጅ ሙዝ በእርጎ ካልሆነ ብሏል።