አረር ከማዘዛችሁ በፊት አፈሙዛችሁን ለኩ
ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ በየተኩስ ሜዳው የምትለማመዱ ደንበኞቻችን ተመሳሳይ ቅሬታ እያነሳችሁ ነው። የእርሳስ አረሩ ኢላማ ላይ ይበተናል፣ አፈሙዙም እርሳስ ይይዛል ትላላችሁ። ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአረሩ ውፍረት ነው።

ለ30 ካሊበር ጠመንጃ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 0.30 ኢንች ለሆነው) የሚሠራው መዳብ የለበሰ አረር 0.308 ኢንች ነው፤ በዚህ ልክ ደህና ይሄዳል። እርሳስ ግን ለስላሳ ነው። አፈሙዙ ውስጥ እየተጠማዘዙ ከሚሄዱት ቦዮች ትንሽ እንኳ ከቀጠነ፣ የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ይሾልካል። እርሳሱንም እየላጠ አፈሙዙ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ወዲያ ኢላማ መምታት ዘበት ነው። አያቶቻችን አድዋ ላይ የተኮሱበት ውጅግራም የእርሳስ አረር ነበር የሚጎርሰው፤ እርሳሱ አፈሙዙን እንዳይነካ በወረቀት ይጠቀለል ነበር። እኛ ወረቀት አንጠቀልልም። ስለዚህ ከቦዮቹ ልክ፣ ማለትም አፈሙዙ ውስጥ ከቦይ እስከ ቦይ ካለው ስፋት፣ ከ0.001 እስከ 0.002 ኢንች የሚወፍር አረር እንድትመርጡ እንመክራለን።

ጠመንጃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አትመኑ። የእንግሊዙ ጠመንጃ ሊ ኤንፊልድ "303" ይባላል እንጂ የቦዮቹ ልክ 0.311፣ አንዳንዴም እስከ 0.315 ኢንች ይደርሳል። የሩሲያው ሞሲን ናጋንትም ከአንዱ አንዱ ይለያያል።

መለኪያው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ። አፈሙዙን ዘይት ቀቡት። ከቀዳዳው ትንሽ የሚወፍር ንጹሕ እርሳስ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያላችሁ እየመታችሁ አሳልፉና ሰፊውን ቦታ ማይክሮሜትር በሚባለው የጥቃቅን ውፍረት መለኪያ ለኩ። ሊ ኤንፊልድ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ቦዮቹ አብዛኛውን ጊዜ 5 ስለሆኑ ፊት ለፊት አይገጣጠሙም፤ ተራ ማይክሮሜትር አሳንሶ ያነብባል። ያሳለፋችሁትን እርሳስ ላኩልን፣ እኛ እንለካዋለን።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀለሃውን ነው። አንገቱ ለ0.308 የተዘጋጀ ቀለሃ፣ 0.310 የገዛችሁትን ለስላሳ አረር ሲገባ ጨምቆ ያቀጥነዋል። ገንዘባችሁ ባከነ ማለት ነው። የቀለሃውን አንገት በደንብ አስፉ። ከዚያ ካዘጋጃችሁት ጥይት አንዱን አረር መልሳችሁ አውጡና ለኩት፤ ቀጥኖ ከወጣ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ወፍራም አረር ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ጥይቱ ያለ ምንም ትግል ጠመንጃው ውስጥ መግባት አለበት። የቀለሃው አንገት አረሩን ለመልቀቅ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። አልገባም ካለ በጉልበት አታስገቡት፤ ቀጠን ያለውን ልክ እዘዙ።

ከእንግዲህ ስታዙ የለካችሁትን ቁጥር ጻፉልን። መለካት የማይመቻችሁ ደግሞ 0.309፣ 0.310 እና 0.311 ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ያለበትን የሙከራ ከረጢት እዘዙና በጠመንጃችሁ ሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአረር ማምረቻው ባልደረቦች