ደብዳቤ ለልጄ፦ በየመኪናው ያሸነፈው ሰው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሥራ ልትቀይሪ እንደሆነ ከነገርሽን ወዲህ የዘመዱ ስልክ አላረፈም። አክስትሽ «ሁለት ወዶ አይሆንም፣ ነርስነቷን ይዛ ትቀመጥ» ትላለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያንቺ ቃል ነው። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒዩተር ክፍል ገብቼ እንደገና ጀማሪ መሆን ከበደኝ» አልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። የምጽፍልሽ ስለ መኪና ተወዳዳሪው ማሪዮ አንድሬቲ ነው። የመኪና ውድድር እንደማትወጂ አውቃለሁ። ቢሆንም ለእኔ ስትይ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩልሽ።

አንድሬቲ በ1940 የተወለደባት ሞንቶና ያኔ የጣሊያን ነበረች፣ ዛሬ የክሮኤሺያ ናት። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ለዩጎዝላቪያ ሲሆን ቤተሰቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሉካ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ሰባት ዓመት ኖሩ። አሜሪካ የገቡት በ1955 ነው፣ ይዘውት የመጡት ገንዘብም 125 ዶላር ነበር። መጠለያ ምን እንደሆነ፣ ቪዛ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኛ ቤት ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የሰፈሩት እዚሁ ፔንሲልቬኒያ፣ ናዝሬት የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጭነት ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ምልክቱን ባየሁ ቁጥር አዳማ ትዝ ትለኛለች።

መንታ ወንድም ነበረው፣ አልዶ። በ1959 ሁለቱ አንድ አሮጌ ሃድሰን መኪና ራሳቸው ሠርተው ከተማቸው ባለው የአፈር ሜዳ ላይ በየተራ መወዳደር ጀመሩ። አባታቸው አያውቅም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አልዶ ተገልብጦ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፣ ጉዱም ያኔ ወጣ። የአባትየው ቁጣ ይገባኛል። እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ አላደርግም ነበር። ማሪዮ ግን አላቆመም።

አፈር ላይ መኪና ሲታጠፍ ኋላው ይንሸራተታል። ሹፌሩ መሪውን ወደ ተቃራኒው ይዞ፣ የሚያዞረው በነዳጅ ፔዳሉ ነው። እግሩን ትንሽ ካበዛ ይሽከረከራል፣ ከቀነሰ ደግሞ መኪናው እንቢ ብሎ ወደ ግንቡ ይሄዳል። አንድሬቲ የመኪናን ጠባይ በወገቡና በእግሩ መስማት የተማረው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልነካው የለም። በ1967 ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ውስጥ ዴይቶና 500ን አሸነፈ። የናስካር መኪና ከባድ ነው፣ ሜዳውም ኩርባው ላይ እንደ ጣራ ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ውድድር ያደጉት ደግሞ ሌሎች ሹፌሮች ናቸው። በዚያው ዓመት የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድርም ወሰደ። በ1969 ኢንዲያናፖሊስ 500 በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ውድድር ላይ ሊወዳደርበት የነበረው ሎተስ የተባለ መኪና በልምምድ ወቅት ጎማው ተነቅሎ ተጋጨ። ፊቱ ተቃጠለ። በአሮጌው ተጠባባቂ መኪና ገብቶ አሸነፈ።

በዚያው ዓመት ፓይክስ ፒክ የሚባለውን ተራራ በመኪና የመውጣት ውድድርንም አሸነፈ። ይህኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ 156 ኩርባ አለው፣ ያኔ ደግሞ ገና ጠጠር ነበር። ጫፉ 4,300 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን ብዙ አያንስም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ አቅም ያጣል። ታች የነበረው መኪናና ላይ የሚደርሰው መኪና አንድ አይደለም። በመንገዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ መከለያ የለም።

አሁን ወዳንቺ ነገር ልምጣ። ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና ውድድር የዓለም ሻምፒዮና ውስጥ የመጀመሪያ ውድድሩ በ1968 ዋትኪንስ ግሌን ነበር። በሰዓት ማጣሪያው ከሁሉም ቀድሞ ከፊት ተነሳ። አዲስ ገቢ ነበር እኮ! የመጀመሪያ ድሉን ግን ያገኘው በ1971 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በፌራሪ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ1978። ከመጀመሪያው ውድድር አሥር ዓመት መሆኑ ነው። በመሃል አሜሪካ እየተመላለሰ ሌላውንም ይነዳ ነበር።

ሲገባም ባዶ እጁን አልገባም። አሜሪካ ክብ ሜዳ ላይ መኪናው የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ የቀኙን ጎማ ዙሪያ ከግራው ትንሽ ያስበልጡታል። ያኔ መኪናው ራሱ ወደ ግራ ይሳባል። አንድሬቲ ይህን ብልሃት ይዞ ሄዶ ፎርሙላ ዋን ላይ ጎማዎቹን እየለካ ይመርጥ ነበር። አንቺም አሥር ዓመት በሽተኛ አጠገብ ቆመሽ ያየሽውን እዚያ ክፍል ውስጥ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተቀምጦ የሚያውቅ የለም። የትኛው ቅጽ ነርስን እንደሚያዘገይ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ የት ላይ እንደሚሳሳት አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ሻምፒዮን የሆነበት ሎተስ 79 ከሥሩ የሚያልፈውን አየር አፍጥኖ መኪናውን ወደ መሬት እንዲመጠጥ የሚያደርግ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ቤልጂየም ላይ አሸነፈ። በሳምንቱ ኢንዲያናፖሊስ ነበር። እሱ አውሮፓ ሳለ ማጣሪያውን ሌላ ሹፌር ስላለፈለት ከ33 መኪና መጨረሻ ላይ ተነሳ። ሌላው ሰው ይህን እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር።

ሁሉም ነገር ደስታ አልነበረም። ዋንጫውን ያረጋገጠው ሞንዛ ላይ ነው፣ የቡድን ጓደኛው ሮኒ ፒተርሰን በተጎዳበት ውድድር። ፒተርሰን በማግስቱ ሞተ። በኢንዲያናፖሊስም 29 ጊዜ ተወዳድሮ ያሸነፈው ያንን አንዱን ብቻ ነው። በ1987 ከመጀመሪያዎቹ 177 ዙሮች 170ውን ሲመራ ቆይቶ፣ 23 ዙር ሲቀረው ሞተሩ ከዳው። እኔ ብሆን እንጃ። እሱ ግን በ1993፣ በ53 ዓመቱ፣ ፊኒክስ ላይ ሌላ ድል አገኘ። በ55ቱ ደግሞ የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር ከሁለት ፈረንሳዮች ጋር ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

አንቺ ገና ሠላሳ አራትሽ ነው። አክስትሽን ለኔ ተይልኝ፣ እኔ አነጋግራታለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን እሑድ ደውይልኝ። ደመወዙንና የሥልጠናውን ጊዜ በደንብ እናየዋለን፤ የነርስነት ፈቃድሽንም ማሳደስ እንዳትረሺ።

አባትሽ