«በትኩረት ማጉደል» ስለሚጻፍ ማስጠንቀቂያ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ትኩረት ስላጣ ትውልድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሰው ልጅ ትኩረት ወደ ስምንት ሰከንድ ወርዶ ከወርቅ ዓሣ አንሷል ካሉ በኋላ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ስሕተት ሁሉ መድኃኒቱ ራስን መግዛት እንደሆነ ይደመድማሉ። እኔ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት በአዳር ተረኝነት፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን በሚያሳይ ሞኒተር ፊት ተቀምጬ ነው። ይህን ድምዳሜ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

የስምንት ሰከንዱን ነገር ቶሎ እንለፈው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከወጣ አንድ የንግድ ዘገባ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ሰውንና ዓሣን አስተያይቶ የለካ ጥናት ግን የለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ገና በ1890 ሰው ፈቅዶ የሚያደርገው ትኩረት በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ እንደማይዘልቅ፣ ረጅም ትኩረት የምንለውም የሸሸውን ሐሳብ ደጋግሞ የመመለስ ጥረት መሆኑን ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ በማንም ኪስ ውስጥ ስልክ አልነበረም። ወጣቶችን ለሚወቅሱም አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2015 የታተመ ጥናት፣ ትኩረትን ጸንቶ የማቆየት ችሎታ እስከ አርባዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ድረስ እየጎለበተ እንደሚሄድ አሳይቷል። የሃያ አምስት ዓመቷ ነርስ ገና እያደገች ያለች ናት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። በክፍላችን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «ትኩረት በማጉደል» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። የአንድ ሕመምተኛ የኦክስጅን መጠን ሊነጋጋ ሲል ቀስ እያለ ሲወርድ ዘግይታ በማየቷ ነው። ሕመምተኛው ደኅና ነው፤ ደብዳቤው ግን ከግል ማኅደሯ አይወጣም። እንዴት እንደሚሆን አንባቢ እንዲያየው እፈልጋለሁ። በስክሪኑ ላይ የስድስት ሕሙማን መስመሮች አንዱ ከሌላው በታች ይሄዳሉ። የአንደኛው የኦክስጅን መጠን 97 በመቶ ነው። ከቆይታ በኋላ 96፣ ከዚያ 95፣ ተመልሶ 96፣ ከዚያ 94 ይሆናል። ደወሉ የሚጮኸው ከ90 ሲወርድ ብቻ ነው። በዚህ መካከል ሌሎች ደወሎች ይጮኻሉ፤ አብዛኞቹም የሐሰት ናቸው። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ተንሸራቷል፣ ደረት ላይ የተለጠፈው ተላቋል፣ ወይም ሕመምተኛው ተገላብጧል። ልጅቱ እየተነሣች ስታስተካክል፣ እየተመለሰች ስትቀመጥ ታድራለች። ከማታ ጀምሮ ቦታዋን የተቀበላት ሰው አልነበረም፤ የፈረቃ ሰሌዳው ተቀያሪ የለውምና።

በዚህ ሁኔታ የሰው ዓይን ምን እንደሚሆን ከታወቀ ብዙ ዘመን አልፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ አየር ኃይል ራዳር ጠባቂዎች በረጅም ቅኝት ላይ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ምልክት ሳያዩ ያልፉ ነበር። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠራ። ቁጥር በሌለው ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥቁር ዘንግ በየሰከንዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ሁለት እርምጃ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ተፈታኙ ያንን ዝላይ ሲያይ ቁልፍ ይጫናል። ፈተናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በ1948 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ዝላዩን የማየት ችሎታ ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ በግልጽ ወርዷል። ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ግማሽ ሰዓት ያረፉት ግን አልወረዱም። በዚህ ሙከራ የተቀመጡት ሰነፎች አልነበሩም።

የሚፈለገው ነገር ብርቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በምስሎች መካከል አንድ ዕቃ እንዲፈልጉ አደረገ። ዕቃው ከምስሎቹ በግማሹ ውስጥ ሲኖር ሳያዩት ያለፉት 7 በመቶ ያህሉን ነበር፤ ከመቶ አንዴ ብቻ ሲኖር ግን 30 በመቶውን ሳቱት። እውነተኛው አደጋ በሐሰት ደወሎች መካከል የሚደበቅበት ክፍል ከዚህ ምን ይለያል?

የአንጎሉን ሥራ የሚያጠኑ ሰዎችም ነገሩን ከውስጥ አይተውታል። በአንጎል ግንድ ውስጥ የምትገኝ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባል ትንሽ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ለመላው አንጎል ትረጫለች። ሥራዋ ሲቀዘቅዝ ንቃት ይወርዳል፤ ከመጠን በላይ ስትነቃነቅም ትኩረት ይበታተናል። በ2006 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ፣ አንድ ሰው መልስ ከመዘግየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ትኩረትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በሐሳብ ስንዋልል የሚሠሩት ክፍሎችም መርገብ ሲገባቸው አይረግቡም። ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ወደ ስክሪኑ እየተመለከተ ነው ይህ የሚሆነው። ስለዚህ «ዓይኗ እያየ አለፈችው» የሚለው ክስ ለእኔ ትርጉም የለውም።

እንቅልፉን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2003 በታተመ ጥናት፣ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች የንቃት ውጤታቸው አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳልተኙ ሰዎች ሆኗል። እነርሱ ግን ያን ያህል የደከሙ አልመሰላቸውም። የአዳር ተረኛን «ደክሞሽ ከሆነ ለምን አልተናገርሽም?» ብለው ሲጠይቋት ስሰማ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። እንዴት ትናገር?

ጽሑፉን ያወጡት ሰው ራስን መግዛት ጥሩ ነገር ነው ሲሉ አልቃወማቸውም። እኔም ለተማሪ ነርሶች እሱኑ አስተምራለሁ። የሚያሳዝነኝ የሥራ አደረጃጀት ጉድለት በሠራተኛዋ ጠባይ ሲመካኝ ነው። እኛ ተረኞቹ በራሳችን ስምምነት በየግማሽ ሰዓቱ በሞኒተሩ ፊት መቀያየር ጀምረናል። የምትነሣዋ ለምትቀመጠዋ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ቁጥርና ከምን ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ ድምፅዋን አውጥታ ታስረክባለች፤ ቀስ ብሎ የሚወርደው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያዘው በዚያ ርክክብ ላይ ነው። ይህ አሠራር በፈረቃ ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ ስንጠይቅ «የሰው እጥረት ያለ ያስመስላል» ተባልን። እጥረቱ ካለ አለ ይባል። ጋዜጣችሁ ጉዳዩን እንዲከታተለው እጠይቃለሁ፤ የምንፈልገው መቀያየሩ በሰሌዳው ላይ እንዲሰፍርና የባልደረባዬ ደብዳቤ ከማኅደሯ እንዲነሣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ