ዱባይ ለማስተማር ደላላ ምን ያደርጋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ፒያሳ ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ «ዱባይ ለመምህራን» የሚል ወረቀት በዝቷል። ደወልኩ። ሰውዬው ስለ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ስለ ዲግሪዬ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። መምህሩ ምን እንደተማረ ሳይጠይቅ የሚቀጥር ትምህርት ቤት የት ነው ያለው?

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ያን ብር ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተናው ለአይልትስ ብትከፍሉት ይሻላል። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ግን ለማመልከት ሳትደርሱ አትፈተኑ። ዲግሪና ትራንስክሪፕት አዲስ አበባ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ነው ኤምባሲ የሚደርሰው። ስማችሁ ከፓስፖርቱ በአንዲት ፊደል ከተለየ 400 ኪሎ ሜትሩን መመላለስ ነው። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ወሎ ያስተማረ ያውቀዋል!

ከወረቀቱ የሚከብደው የማሳያ ትምህርቱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስታስተምሩ ማየት ይፈልጋሉ። እኛ ጠመኔ ይዘን ማውራት ለምደናል፤ እነሱ የሚያዩት ተማሪው ምን እንደሠራ ነው። ለማመልከቻዋ እንዲሆን አንዷን የኬሚስትሪ መምህርት በስልኬ ቀረጽኳት። ስለ አሲድ ስታስረዳ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነበር። በሌላ ቀን ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር ለየቡድኑ አከፋፈለች። አረፋው ሲገነፍል ክፍሉ በጥያቄ ተናጋ። ቪዲዮ ማለት እንዲህ ነው። ለደሴ ልጆችም ቢሆን ይሄኛው ይበጃል፤ ዱባይ ተሄደም ቀረም።

ጋዜጣችሁ የሰነድ ማረጋገጫውን ቅደም ተከተልና ክፍያ በዝርዝር ቢያወጣልን፣ ቆርጬ የመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንድ መምህር፣ ከደሴ