ያለ ፈታኝ ስለምንሰጠው ፈተና ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
ባላችሁበት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ክረምቱ እንዴት አለፈ? ልጆቹ በሰላም ተመልሰዋል፣ ክፍሎቹም ሞልተዋል። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ እረፍት አላገኘም። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው። «እውነት ነው ወይ? መምህሩ የፈተናውን ወረቀት ሰጥቶ ልጆቹን ብቻቸውን ጥሏቸው ሊወጣ ነው?»

አዎ፣ እውነት ነው። ለምን እንዲህ እንዳሰብን በስልክ ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ከአንድ ታሪክ ልጀምር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሁላችንም ቤታችንን ጥለን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ትምህርት ቤቱ በር አልነበረውም። ወንበሩ ተሰባብሯል። የቤተ ሙከራው መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። የጠፋውን ዕቃ እየመዘገብኩ ሳለ ከጀርባችን ካለው ሰፈር አንዲት እናት መጡ። ሁለት ልጆቻቸውን እኛ ጋ ያስተማሩ ሙስሊም እናት ናቸው። ጆንያ ተሸክመዋል። ሲፈቱት አራት ማይክሮስኮፕ ነው። እያንዳንዱ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል፤ ሌንሱ እንዳይጫር ጥጥ ተደርጎበታል። ዘበኛችን ከከተማ ሲወጣ ለእሳቸው ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልጋቸው ሥር አኑረውታል። እኔ ቃል አጥሮኝ ስቆም እሳቸው «የልጆች አደራ አይደል» ብለው ጆንያውን አጥፈው ሄዱ።

እነዚያ ማይክሮስኮፖች ዛሬም እንሠራባቸዋለን። የ9ኛ ክፍል ልጆች የሽንኩርት ልጣጭ የሚያዩት በእነሱ ነው።

ስለዚህ ለወሎ ሰው ታማኝነት ላስተምር ብዬ አልነሳም። ቅሬው፣ ማለትም እድራችን ውስጥ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው አሥር ብር ቢጎድልበት ከኪሱ ይሞላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። አደራ ምን እንደሆነ ልጆቻችን ከቤት ይዘውት ይመጣሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አደራ ፈተና ክፍል ደጃፍ ላይ መቅረቱ ነው። የጎረቤቱን ስልክ መንገድ ላይ ቢያገኝ ሮጦ የሚመልስ ልጅ፣ የጎረቤቱን መልስ ግን ያለ ምንም ሐሳብ ይወስዳል። እንደ ስርቆት አይቆጥረውም። እኛም ትልልቆቹ «ተጋገዙ» እያልን አልፈነዋል።

የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ስለወጣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሙሉ ተሰረዘ። የ2014 ተፈታኞች ደግሞ ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያ ዓመት የኛ ልጆች ወራት ሙሉ ያለ ትምህርት መቆየታቸውን አልረሳም፤ ውጤቱን በሙሉ በኩረጃ ማሳበብ ግፍ ነው። ግን ቀድሞ የምናየው ከፍተኛ ማርክ ስንቱ የልጁ እንደነበር ያን ቀን ራሴን ጠየቅሁ። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ራሴ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ለዓመታት አስተምሬያለሁ። 11 እሴቶች ነበሩ፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት እያሉ የሚቀጥሉት። ተማሪው አሥራ አንዱንም እንደ ውዳሴ ይወርድልኛል። 100 ከ100 እሰጠዋለሁ። በማግስቱ ሒሳብ ሲፈተን ሲኮርጅ ይያዛል። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ፣ ከዚያ በላይ የዜግነት ትምህርት ሆኗል። ጥሩ ነው። ግን ስሙ ቢቀየርም ልጁ የሚለማመድበት ቦታ ካላገኘ ያው ሽምደዳ ነው። ዋና ውሃ ሳይገቡ አይለመድም።

ለዚህ ነው ባለፈው ዓመት መጨረሻ በሁለት የ10ኛ ክፍል ሴክሽኖች የሞከርነው። የባዮሎጂ መምህሩ ጥያቄውን አደለ፣ ሰዓቱን ሰሌዳ ላይ ጻፈ፣ ወጣ። በሩ ክፍት ነበር። በኋላ ወረቀቱን የሰበሰበው የክፍሉ አለቃ ነው።

ሁሉም ያማረ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በአንደኛው ሴክሽን ግልጽ ኩረጃ ነበር፤ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የለቀቀም አለ። በሌላኛው ግን በሁለተኛው ቀን አንዲት ልጅ ወደ መምህሩ መጣች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትባልም አልገባችም። «ሦስተኛዋን ጥያቄ ከጓደኛዬ አይቻለሁ። ሁለት ማርክ ቀንሱልኝ» አለች። መምህሩ ምን ላድርግ ብሎ እኔ ጋ መጣ። ተወያየን፣ ቀነስነው። እናቷ አዝነው መጡ። «እውነት የተናገረች ልጅ ትቀጣለች እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፣ እስካሁንም በውስጤ ይመላለሳል። የመለስኩላቸው «እትዬ፣ ማርኩ መጀመሪያም የሷ አልነበረም። የሷ ያልሆነውን ነው የመለሰችው» ብዬ ነው። ልጅቷ በዚያ ሳምንት ቀና ብላ ስትሄድ ሳያት፣ ብንተወው ኖሮ ያን ቀና ማለት እንነጥቃት ነበር ብዬ አሰብኩ።

በዚህ ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው። ከ10 የሚያዙት ወርኃዊ ቴስቶች ብቻ ናቸው ያለ ፈታኝ የሚሰጡት፤ እነሱም ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ናቸው። ሚድና ፋይናል እንደ ወትሮው ነው። ጓደኛህን አጋልጥ የሚባል ልጅ አይኖርም። የኮረጀ ሴክሽን ወደ ፈታኝ ይመለሳል፤ እንደገና መሞከር ሲፈልጉ ራሳቸው መጥተው ይጠይቁናል። አምና የኮረጀው ሴክሽን መስከረም ላይ መጥቶ ጠይቋል። ሰጥተናቸዋል።

ሌላም ጥያቄ ቀርቧል፤ በግልጽ ልመልስ። «ይሄ የስብከት መንገድ ነው ወይ?» ያላችሁኝ አባቶች አላችሁ። አይደለም። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንደብቀውም። የጠዋት ጸሎት አለን፣ የሚገባው የፈለገ ነው። ትምህርቱ ግን ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆን እንዳለበት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ይደነግጋል፤ እኛም አምነንበት እንሠራለን። እኔ ሐቀኛ ልሁን የምለው ጌታ በተራራው ስብከቱ አዎን ስትሉ አዎን ይሁን ብሎ ስላስተማረ ነው። ያንተ ልጅ ደግሞ ይህንኑ አደራ ከቤቱ «አማና» ብሎ ይዞት መጥቷል። ክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን አያፈርስም። የዓርብ ቴስት ከስድስት ሰዓት በፊት ያልቃል፤ ጁምዓ የሚሄድ ሳይቸኩል እንዲደርስ።

የሽምግልናው ክበብም ይቀጥላል። ልጆቹ በወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ስም «አበጋር» ብለውታል፤ ስሙን ያወጡት እነሱ ናቸው። ሁለት ልጆች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚያነጋግሯቸው እኩዮቻቸው ናቸው፣ ካልሆነ ነው ወደ ቢሮ የሚመጣው። ጦሳ ተራራ ላይ የተከልነውን ችግኝ ደግሞ በየሴክሽኑ ተራ ገብተው በበጋ ያጠጡታል። ተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄዱ ይብቃን።

አሁን እናንተን የምለምነው። ልጁ ከ10 ስድስት ይዞ ሲመጣ «ዘጠኝ ያመጣው ማነው?» አትበሉት። «የራስህ ነው?» በሉት። አዎ ካለ አብሽር በሉት፣ እራቱን አቅርቡለት። ሰርግ ሄዶ ከቀረ «ታሞ ነው» ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ ሰርግ ነበር በሉ፣ እንፈቅዳለን። አምና ማርክ እንድጨምር ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ የለመናችሁኝ ወላጆች ነበራችሁ። ልጅ ነው፣ አንጀት አይችልም፤ እንደ ክፋት አላየሁትም። ግን ስትለምኑኝ ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ነበር። እኔን ሳይሆን እናንተን ነበር የሚያየው። እባካችሁ ዘንድሮ አይደገም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አለ። የምትስማሙ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ፈርሙ፤ አሻራም ይሆናል። የማትስማሙ ደግሞ ሳትሸማቀቁ «አልስማማም» በሉ። ልጃችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በፈታኝ ይፈተናል፣ አንድም ማርክ አይጎድልበትም። ወረቀቱን እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 በልጁ እጅ ላኩልን።

በማግስቱ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዳራሹ እንገናኛለን። የባዮሎጂ መምህሩም ይኖራል፣ ልጆቹም ራሳቸው ይናገራሉ። ቅር ያላችሁን ሁሉ እዚያው አንሱት። ቡና እናፈላለን፤ ስኒ ስለሚያንሰን በአቅራቢያ ያላችሁ እናቶች ጥቂት ጥቂት ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ