ፋሻውን ራስሽ ጠቅልይላቸው

የኔ ልጅ፣ ከሰኞ ጀምሮ የቦክስ ጀማሪዎቹን ብቻሽን ልትይዢ ነው። ብዙውን በአፍ ነግሬሻለሁ፤ እንዳይረሳ ግን ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ በር በሩን እዪ። ከመናኸሪያ በእግሩ የሚመጣ ልጅ አለ፣ የባጃጅ የለውም። እዚህ ደርሶ ጆንያውን የሚደበድቡትን ሲያይ ይፈራና ከደጅ ይመለሳል። ስሙን ጠይቂው፣ አግዳሚው ላይ አስቀምጪውና ፋሻውን ራስሽ ጠቅልይለት። ከአውራ ጣቱ ጀምሪ፣ የእጅ አንጓውን ሦስቴ ዙሪ፣ በቡጢው አናት ላይ ደራርቢ፣ በጣቶቹ መሃል አሳልፈሽ አንጓው ላይ ጨርሺ። ከዚያ ቡጢውን ጨብጦ ይልቀቅ። ጣቱ ከደነዘዘው አጥብቀሻል ማለት ነው፣ ፍቺና እንደገና። የሱቁ ፋሻ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከአቡጀዴ የቀደድነውም ሥራውን ይሠራል። እጁን ይዘሽ ስትጠቀልዪ ልጁ ያወራሻል። በረንዳ እንዳደረ፣ እጁ ድሮ ተሰብሮ እንደነበር፣ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ የምትሰሚው እዚያች ላይ ነው። ላልበላ ልጅ የመዝለያ ገመድ አትስጪ፣ ዳቦ ይቅደም።

የክፍያውን ደብተር ሰው ፊት አትክፈቺ። ያልከፈለውን ለብቻው አናግሪው።

የመጀመሪያው ወር አቋቋም፣ እርምጃና ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረው ቀጥ ያለ ቡጢ) ብቻ ነው። አገጭ ዝቅ፣ እጅ ከፍ። 3 ደቂቃ ሥራ፣ 1 ደቂቃ እረፍት የውድድር ነው፤ ለነሱ 2 ደቂቃ ይበቃል። ጆንያው ሲላላ ማንም አሸዋ እንዳይጨምርበት። አሸዋ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል፣ የጀማሪ አንጓ ደግሞ አይችለውም። ከልብስ ሰፊዎቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኚ።

ስፓሪንግ ላይ፣ እርስ በርስ ለልምምድ መጋጠሙ ላይ ማለቴ ነው፣ እንዳያባብሉሽ። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ገና በሦስተኛ ሳምንቱ «ጋሼ ልግጠም» እያለ ቢለምነኝ ጎበዝ ነው ብዬ ፈቀድኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ መንጋጋው ላይ አንድ ቀኝ አረፈበት። አልወደቀም። «ደህና ነኝ» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ወደ ፍቅር ሐይቅ አብረን ስንሄድ መንገድ ዳር ቆሞ አስታወከ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «የት ነው ያለነው?» አለኝ። ያን ሌሊት ሆስፒታል አደርን። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፣ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ተመትቶ ራሱን ያመመው፣ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ነገር የተምታታበት ልጅ የዚያን ቀን ጓንት አያጠልቅም፤ ሐኪም አይቶ ሳይፈቅድለትም አይመለስ። ቢቆጣ ይቆጣ። የራስ መከላከያ አድርጓል ብለሽም አትዘናጊ፤ እሱ ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎልን ከመናወጥ አያስጥልም።

ያቺ ቀጭኗ ልጅ ደግሞ እናቷ «ሴት ልጅና ቦክስ ምን አገናኛቸው» እያሉ ነው አሉ። ቤታቸው ሂጂና ቡናቸውን ጠጪ። ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ በቦክስ መወዳደር እንደጀመሩ፣ የመጀመሪያውን ወርቅም ኒኮላ አዳምስ የምትባል እንግሊዛዊት እንደወሰደች ንገሪያቸው። ከሁሉም በላይ ግን አንቺን ይዩሽ። ልጃቸውን በስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትመልሻት ስትነግሪያቸው ይረጋጋሉ፣ እኔም የሴት ልጅ አባት ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ፋሻዎቹን ዛሬ አጥቤ ጓሮ አስጥቻለሁ። ሰኞ ስትሄጂ አንሺያቸው፤ እርጥብ ከሆኑ ተያቸው፣ በአቡጀዴው ጀምሩ።

አባትሽ