ሌላ አካውንት እንዳትከፍቺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬዳዋ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። እናትሽን ጉልበቷ አሁንም ያማታል፤ ቁጭ በይ ብላት ግን መች ትሰማኛለች።

በኢንተርኔት ገበያ ላይ ሞዴል ባቡር የምትሸጪበት ሱቅሽ መታገዱን የሰማሁት ከወንድምሽ ነው። ከአንቺ ባለመስማቴ ትንሽ ከፍቶኛል፤ እሱን እንተወው። ይበልጥ ያስደነገጠኝ በባልሽ ስም ሌላ አካውንት ልትከፍቺ ማሰብሽ ነው። እንዳትከፍቺ። ስልኩ አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ብሩ የሚገባበት ባንክ አንድ። አንድ ቀን ይደርሱበታል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ይዘጉታል፣ ባልሽም በማያውቀው ነገር ይነካካል።

ገዢው «ሐዲዴ ላይ አይሠራም» ብሎ የጻፈውን ቅሬታ ወንድምሽ አንብቦልኛል። ሰውዬው ልክ ነው፣ ምን ላድርግልሽ? ያ ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሞዴል ሎኮሞቲቭ በኤሲ፣ አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ በሦስት ሐዲድ አሠራር። ከሐዲዱ መሐል ካሉት ነጥቦች ኤሌክትሪክ የሚወስደው ሆዱ ሥር ባለው ረጅም ሸርተቴ ነው። የሰውዬው ሐዲድ ደግሞ ባለ ሁለት ሐዲድ ዲሲ ነው፣ አቅጣጫው በማይቀያየር ኤሌክትሪክ የሚሠራ። የማርክሊኑ የግራና የቀኝ መሽከርከሪያዎች በኤሌክትሪክ አልተለያዩም። እዚያ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ሾርት ያደርጋል። አንቺ «ኤች ኦ፣ በደንብ ይሠራል» ብለሽ አለፍሽው። ኤች ኦ መጠኑ ነው፣ ከእውነተኛው ባቡር 1 ለ 87 ያነሰ ማለት። ስለ ኤሌክትሪኩ ምንም አይናገርም። ይህን ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ!

አሁን እንዲህ አድርጊ። ለሰውዬው የመላኪያውንም ጨምረሽ ገንዘቡን መልሺለት። ዕቃው ሲመለስ ገልብጠሽ ሆዱን ፎቶ አንሺ። የሚያውቅ ሰው ሸርተቴውን ካየ ጥያቄ የለውም። ኤሲ ይሁን ዲሲ፣ አናሎግ ይሁን ዲጂታል፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊ። የተሰበረ የፉርጎ ማያያዣ መንጠቆ ካለ አቅርበሽ አሳዪ። የሰው ፎቶ ከኢንተርኔት እያነሳሽ አትለጥፊ። ገመዱ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ትራንስፎርመር ደግሞ ጨርሶ አትሽጪ፤ የሚገዛው ሰው ቤት ልጅ ይኖራል።

አያትሽ በሼሚን ደፈር፣ በድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ዘመን፣ ጭነት ክፍል እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ያ ለገና ብርቱካን ይዞልን ይመጣ የነበረው ሰውዬ የሥራ ባልደረባቸው ነበር። ለምን ከሥራ እንደወጣ ግን አልነገርኩሽም። ናዝሬት የሚወርድ አንድ ፉርጎ ብርቱካን ነበር። ፉርጎው የት እንደሚወርድ የሚጻፍበት ካርድ ላይ በስህተት «አዋሽ» ብሎ ጻፈበት። አዋሽ ላይ ተቆርጦ ቀረ፣ በዚያ ፀሐይ። ሲጠየቅ፣ እንደ መናገር፣ አዲስ ካርድ ጽፎ በአሮጌው ላይ ለጠፈበት። ቀኑንም ለወጠ። ለመጀመሪያው ካርድ ቢበዛ ደመወዝ ይቀጡት ነበር። ያባረረው ሁለተኛው ነው። አባቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይወርድ ነበር፤ ሰውዬውን ይወዱት ነበራ። ከተባረረ በኋላም ባቡር ሲገባ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ማንም ሂድ አላለውም። አባቴ ሻይ ያስልኩለት ነበር።

ባቡር ሲባል ሁሌም አንድ ነገር ይቆጨኛል። ጅቡቲ ድረስ አንዴ እንኳ ይዤሽ አልሄድኩም። ልጅ እያለሽ ፊሽካውን በሰማሽ ቁጥር «ዛሬ እንሄዳለን?» ትዪ ነበር። ሥራ፣ ገንዘብ፣ የእናትሽ መታመም፤ ሁሌ አንድ ነገር ነበር። አድገሽ ዕረፍት ስታገኚ ደግሞ ባቡሩ ራሱ አረፈ። እዚያ ፍራንክፈርት ጠረጴዛ ላይ የምትሠሪውን የኛን ጣቢያ ሞዴል ፎቶ ስትልኪልኝ እናትሽ ለምን ዝም እንደምል አይገባትም።

ስለ እሱም ልንገርሽ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር በሆነው ሐዲድ እንዳትሠሪው። ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሱ ለአዲሱ ባቡር ነው የሚሆነው፣ ለ1,435 ሚሊ ሜትሩ። የኛ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ በ87 ሲካፈል 11.5 ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ ባለ 12ቱን ግዢ። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ሐዲዱ ስለደረሰ ነው። በሌላ ባቡር ሐዲድ አትሥሪልኝ። ትናንት ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው ወደ 780 ኪሎ ሜትር በአንቺ መጠን 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባልሽ ሳሎኑን ይልቀቅልሽ!

ወደ ቁም ነገሩ። ወንድምሽ እንዳጣራው፣ በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለ ትልቅ ገበያ ሲያግድሽ ምክንያቱን ገልጾ ሊጽፍልሽ ይገባል። ቅሬታም በነፃ መቀበል አለበት፣ ለዚያውም ቢያንስ ለስድስት ወር። እንቅልፍ የሚያሳጣ ምን አለ? ተረጋግተሽ ጻፊ። ስድብ የለም፣ ለቅሶ የለም። ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡን መመለስሽን፣ ማስታወቂያውን ማረምሽን፣ በቃ። የመላኪያውን ደረሰኝ አያይዢ።

ደግሞ ለግብሩም አስቢ። በዓመት 30 ዕቃ ከሸጥሽ ወይም ከ2,000 ዩሮ በላይ ካገኘሽ ገበያው ራሱ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ታዲያ ሽያጩ ለሁለት ስም ተከፍሎ ሲያዩት ምን ይላሉ? «ሸሽታ ነው» አይሉም? አንቺ ከምንም እንዳልሸሸሽ እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።

የላክሽልኝ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ደህና ናት። መብራት ሲሄድ ትቆማለች፣ ሲመጣ ትቀጥላለች። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀጥታ ወደኔ ነው የሚመጡት።

ቅሬታውን ከመላክሽ በፊት ለኔ ላኪልኝ። ጀርመንኛውን ወንድምሽ በስልኩ ይተረጉምልኛል። ለእናትሽ ያንን የጉልበት ቅባት አትርሺ፤ የተስማማት ሰማያዊው ነው፣ አረንጓዴውን እንዳትልኪ። ምግብ ብዪ፣ እናቴ። ዛሬ ማታ ደውለሽ በራስሽ አፍ «አልከፍትም» በዪኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ዜና አለ፣ ከዚያ በፊት ይሁን።

አባትሽ